ውኃ የጠማት ሴንሰር

እኔ ከጎጃም ተመድቤ ነቀምት ስመጣ መጀመሪያ የተዋወቅሁት ከሰው ጋር ሳይሆን ከሻጋታ ጋር ነው። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር የረሳሁት የቆዳ ጫማ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ጸጉር አበቀለ። መጻሕፍቴ አበጡ። ጨው ከጠርሙሱ አልወርድ አለ። አከራዬ ጫማውን አይተው በሳቅ ፈረሱና "ቶሌ፣ መልካም፣ ነቀምት ተቀብላሻለች ማለት ነው" አሉኝ። በትንሽ ነገር የምናደድ ሰው ነኝ፤ ጫማውን አንስቼ ግቢው ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ ሌላ ስላልነበረኝ ተመልሼ አነሳሁት።

ጠዋት ጠዋት ግን ከተማዋን ይቅር እላታለሁ። ጉሙ ከደጄ ጀምሮ ይቀበለኛል። ሰው ከፊቴ ድንገት ብቅ ይላል፣ "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ" ይለኛል፣ መልሼ ሳልጨርስ ይጠፋል። የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ ባጃጁ አይታይም። እናቴ በልጅነቴ "ይቺ ልጅ ቆማ ነው የምትተኛው" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ወደ ትምህርት ቤት የምሄድባት ያቺ ግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ትሁን ንቃት እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራው ከግቢው ጫፍ፣ ከጽዶቹ ሥር ያለ ረጅም ቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖሩ አንድ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን ቡድን ውስጥ በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩ ሽማግሌ። ሥራ ሲሠሩም መዝሙር ያንጎራጉራሉ። በዓለም ላይ አንድ ጠላት ብቻ ነበራቸው፤ እሱም እርጥበት ነው።

በየቁም ሣጥኑ ሥር ከሰል በሳሕን ያስቀምጣሉ፣ እርጥበቱን እንዲጠጣ። ፀሐይ ብቅ ያለች ቀን አግዳሚ ወንበሮቹን ሣሩ ላይ ያወጡና ማይክሮስኮፑን፣ ሚዛኑን፣ የብርጭቆ ቱቦውን ሁሉ እንደ እህል ያሰጡታል። አንድ በአንድ በጥጥ ያብሳሉ። በዚያ ዝናብ አገር የዛገ መቀስ እንኳ አልነበራቸውም። ሌሎች መምህራን ይቀልዱባቸው ነበር፤ "ጋሼ እኛንም ባሰጡን" እያሉ። እኔም መጀመሪያ አካባቢ አብሬ ስቄያለሁ።

ከቁም ሣጥኖቹ አንዱ ቁልፉ ከአንገታቸው አይለይም። ውስጡ ከዓመታት በፊት በስጦታ የመጡ ሴንሰሮች አሉ፤ ሙቀት የሚለካ፣ ብርሃን የሚለካ፣ የጋዝ ግፊት የሚለካ፣ አንዲት ደግሞ ጫፏ ላይ እንደ ዕንቁ ክብ የሆነች ስስ ብርጭቆ ያላት፣ አሲድነትን የምትለካ። ሴንሰሮቹን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሣጥን ከመጡ በሁለተኛው ዓመት መብራት ሲመላለስ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ዲዳ ናቸው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራ ሲመጣ ጋሼ አውጥተው ያብሷቸዋል፣ ቆጣሪው "አለ" ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ተመልሰው ይገባሉ። የመጨረሻው ሰኔያቸው እየመጣ ነበር። ሐምሌ ላይ ጡረታ ይወጣሉ።

እኔ ደግሞ ያን ዓመት አንዲት ነገር ከአዲስ አበባ ገዝቼ መጥቼ ነበር። መዳፍ የማትሞላ ሰማያዊ ቦርድ ናት። ለመማርና ለመጫወት የሚገዛት ሰው ብዙ ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር በአንድ ገመድ ተያይዛ ትእዛዝ ትቀበላለች፣ መብራት ታበራለች፣ ሽቦ የሚያመጣላትን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር ቀይራ ትናገራለች። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንዲት ቀይ አምፖል ብልጭ ድርግም ሳደርግ አመሽ ነበር። ምን ይጠቅምሻል ያለኝ ሰው ቢኖር መልስ አልነበረኝም። ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ።

አንድ ቀን ሚያዝያ ላይ ቦርዷን በኪሴ ይዤ ቤተ ሙከራ ገባሁና "ጋሼ፣ ሴንሰሮቹን እናናግራቸው?" አልኳቸው። ነገሩን አስረዳሁ። ሴንሰሩ ቮልት ነው የሚልከው፣ ቦርዷ ቮልት ትሰማለች፣ የሚቀረው ገመዱን ጫፉ ላይ ቆርጦ ሽቦዎቹን ማያያዝ ነው። "ቆርጦ" የሚለውን ቃል እንደሰሙ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሙ።

"ሂን ሙሪን! አትቁረጪ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። በእኔ ፊርማ የገባ ንብረት ነው። ሙሉ የተረከብኩትን ሙሉ አስረክባለሁ።"

"አይሠራም እኮ ጋሼ! የማይሠራ ሙሉ ነገር ምን ያደርጋል?"

"ማሎ፣ እባክሽ፣ ሳይቆረጥ የሚሠራበትን ፈልጊ። የተማርሽው ለምንድን ነው?"

ይሄኛው አንጀቴን አሳረረው። ግን ልክ ነበሩ። የሴንሰሮቹ ገመድ ጫፍ የስልክ መሰኪያ ይመስላል፤ ስድስት ወርቃማ ጥርሶች አሉት፤ መቆለፊያው ግን እንደ ስልኩ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ተያይዘን ገበያ ወረድን። ራዲዮና ስልክ የሚጠግን ጎልማሳ አለ፣ የጋሼ የቀድሞ ተማሪ። ከሩቅ ሲያያቸው ተነሥቶ "ኮታ ጋሼ፣ ይምጡ! ማል ፊዳን? ዛሬ ደግሞ ምን ይዘው መጡ?" አለ። ከአሮጌ ዕቃዎች ክምር ውስጥ የስልክ ሶኬት አወጣ፣ ጎኑን በሞረድ ሞረደው፣ ሞከረ፣ ደግሞ ሞረደው። ጋሼ መሰኪያውን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ሰውየው ሶኬቱን ብቻ እንዲነካ እየተቆጣጠሩ ቆሙ። ከስንት ሙከራ በኋላ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሼ እንደ ልጅ ሳቁ።

ስድስቱን ሽቦ ለመለየት ሦስት ቀን ፈጀብን። አንዱ አምስት ቮልት የሚቀበል፣ አንዱ ግራውንድ የሚባለው የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ አንዱ የለካውን የሚያመጣ። የሙቀት ሴንሰሩን ሰክተን ላፕቶፑን ስከፍት ጥቁሩ መስኮት ላይ ቁጥሮች እንደ ጉንዳን መስመር ይዘው መውረድ ጀመሩ። ሃያ አንድ ነጥብ ሁለት። ሃያ አንድ ነጥብ አራት። ሃያ አንድ ነጥብ ሦስት። ጋሼ ጫፉን በመዳፋቸው ጨበጡት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሁለት። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል፣ ቤቱ ጨለምለም ብሏል፣ የላፕቶፑ ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፏል። ያን ሁሉ ዓመት ሲያብሱት የኖሩት ነገር የእጃቸውን ሙቀት እየነገራቸው ነበር። ጨብጠውት ለረጅም ጊዜ ቆዩ፣ እኔም ልቀቁት አላልኳቸውም።

በማግስቱ አንድ ነገር ለመኑኝ። ከዚያ በፊት ለምነውኝ አያውቁም።

ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ፣ ዲጋን አለፍ ብሎ፣ ከአባታቸው የወረሱት መሬት አላቸው፤ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የጋራ ነው። ጡረታ ሲወጡ እዚያ ገብተው በቆሎና ጤፍ ሊዘሩ ነው ሐሳባቸው። መሬቱ ግን ከዓመት ዓመት እየሰነፈ፣ በቆሎው ከጉልበት አላልፍ እያለ መጥቷል። ወንድማቸው "ላፍቲ ዱቴ፣ መሬቷ ሞታለች፤ ባርጋሞ እንትከልባት" ይላል። ባርጋሞ የሚሉት ባሕር ዛፉን ነው። ጋሼ ደግሞ "አልሞተችም፣ ኮምጥጣ ነው፤ ኖራ ብናበላት ትመለሳለች" ባይ ናቸው። በዚህ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀዋል። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ ይፍረድ። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ፣ ካልሆነ ባሕር ዛፍ።

"አፈር የሚመረምሩ ሰዎች እኮ ከተማው ውስጥ አሉ" አልኳቸው።

"ሠላሳ ዓመት የቤተ ሙከራ ሰው ሆኜ የአባቴን አፈር ሌላ ሰው ይለካልኝ?" አሉ። አሲድን በቀለም የሚለየው የእኛ ሊትመስ ወረቀት በሻጋታ ምክንያት ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ ተስፋው ያቺ ጫፏ ዕንቁ የመሰለችው ሴንሰር ብቻ ናት።

አፈሩን በጨርቅ ቋጥረው አመጡ። ቀይ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል። አደረቅነው፣ ነፋነው፣ ራሳቸው ባጣሩት የተጣራ ውኃ በጠበጥነው። ጋሼ ሴንሰሯን ከጥጥ ውስጥ ፈትተው አወጧት። ብርጭቆዋ ታበራለች፣ አንድ ነጠብጣብ የለባትም። ሰካናት። ነከርናት። ቁጥሩ ሰባት አለ። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ፍንክች የለም።

በደስታ ጮኽኩ። ያን ጩኸቴን ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። የጮኽኩት መሣሪያዋ ስለሠራች ነው፣ ቁጥሩ እንዲያ ጸጥ ብሎ ስለቆመ ነው። "ጋሼ፣ ጤነኛ ነው! ሰባት ማለት ኮምጣጣም አይደለም፣ ምንም አይደለም!" አልኩ። ዘወር ስል ሴንሰሯን በጥጥ እያበሱ ነው። ፊታቸው ልክ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ሆኗል። ያኔ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

"እንግዲህ ወንድሜ ነው ልክ" አሉ። ሴንሰሯን ጠቅልለው መለሷት፣ ቁልፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ። "ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ኢንተለ ኮ። እውነቱን ማወቅ ይሻላል።"

ሰኔ ተጋመሰ። ቅዳሜ ለት እሳቸው አገር ቤት ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ሲመለሱ ቁም ሣጥኑን አስከፈትኳቸውና፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ቦርዷንና ሴንሰሯን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ ተማሪዎቹን ላስደንቅ ብዬ። ሎሚ ጨምቄ ብርጭቆ ውስጥ አዘጋጅቻለሁ። "አሁን ቁጥሩ ወደ ሁለት ሲወርድ ታያላችሁ" አልኩና ነከርኩ። ሰባት። አማሰልኩ። ሰባት። በሳሙና ውኃ ነከርኩ። ሰባት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ሎሚው ውኃ ነው እንዴ?" አለች፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

የሙቀቱ ሴንሰር ቁጥር ትዝ አለኝ። ሃያ አንድ ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ አራት፣ ነጥብ ሦስት። የሚሠራ ነገር ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይቺ ግን ያን ያህል ጸጥ ያለችው እርግጠኛ ስለሆነች አልነበረም። ሞታ ነው። ማንኛውም ኬሚስት መሣሪያ ከመጠቀሙ በፊት በሚያውቀው ነገር ይፈትነዋል፤ እኔ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንዲት ሎሚ ለመጭመቅ እንኳ ትዕግሥት አላገኘሁም።

እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል አስቤያለሁ። ዕረፍት ሰዓት ጽዶቹ ሥር ቆሜ፣ ዝናቡ ትከሻዬ ላይ እየወረደ፣ ሳስብ ቆየሁ። ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው። ማን ያውቃል? እንዲያውም ሎሚ ሲነከር ሁለት፣ ሳሙና ሲነከር ዘጠኝ የሚል ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ ጽፌ ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተማሪዎቹም ያጨበጭቡልኛል፣ ሽማግሌውም መሣሪያቸው ደህና እንደሆነ አምነው ይሄዳሉ። ለምን እንደዚያ እንዳላደረግሁ ጥሩ ምክንያት ብሰጥ ደስ ባለኝ። ፈራሁ፣ ያ ነው። ዓይናቸውን ፈራሁ።

ገብቼ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ የለካነው ልክ አልነበረም። እኔ ሳልፈትናት ነው የተናገርኩት። ሴንሰሯ አትሠራም።"

ሚዛን እያበሱ ነበር። ጥጡን አስቀመጡ። "ቅዳሜ ግማሹን ተከልን" አሉ። "ደቦ ጠርተን። የሰፈሩ ሰው በሙሉ መጣ። ግማሹ ለፊታችን ቅዳሜ ነው።"

ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እሳቸው ግን አልሰሙኝም፣ ሌላ ነገር ነበር የሚያስቡት።

"ለምን ሞተች?" አሉ።

እንደዚህ ዓይነቷ ብርጭቆ ለምን እንደምትሞት አውቃለሁ። ስትደርቅ ነው የምትሞተው። ጫፏ ሁልጊዜ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከደረቀች ምንም ነገር አትሰማም። ይህን ግን ለእሳቸው፣ ለዚያ ጥጥ፣ ለዚያ ከሰል፣ ለሠላሳ ዓመት ምሽግ እንዴት አድርጌ ልንገር? ምላሴን ነክሼ "አርጅታ ይሆናል" አልኩ።

ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤ "ስትመጣ ጫፏ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ተገጥሞ ነበር። ውስጡ ውኃ ነበረበት። የመጡት በክረምት ነው፤ መኪናው ላይ ሸራ አልነበረም። ዝናብ የገባባት መስሎኝ ደፋሁት። ከዚያም ፀሐይ ላይ አሰጣኋት።" አዩኝ። "ውኃው የእሷ ነበር፣ አይደል?"

መዋሸት አልቻልኩም። አዎ አልኩ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሥራ ሰዓት ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እጆቻቸውን አዩአቸው፣ አገላብጠው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩ፣ አላፍርም። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ለእሳቸው ይሁን፣ ለመሬቱ ይሁን፣ በየዓመቱ ተወልውላ ተጠቅልላ ለተጠማችው ለዚያች ብርጭቆ። ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። በዚያ ሁሉ ውኃ መሐል ውኃ የከለከሏት እሷን ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይተው ተነሡ። የኬሚካሉን መደርደሪያ ከፍተው፣ ሳይፈልጉ፣ እጃቸው በቀጥታ አንድ ጠርሙስ ላይ ሄደ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው። "ይሄ ነው የሚያስፈልጋት?" አሉኝ። እሱ ነበር። በተጣራ ውኃ አሟሙተን፣ ትንሽ ጠርሙስ ሞልተን፣ ጫፏን ነከርናት። "ትነሣለች?" አሉ። "አንዳንዴ ይነሣሉ" አልኩ። "አንዳንዴ ደግሞ አይነሡም።"

እነዚያ አራት ቀናት በሕይወቴ ውስጥ ለብቻቸው የቆሙ ናቸው። ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ወጥቼ ስገባ ጋሼ ቀድመውኝ መጥተው፣ ጠርሙሷ ፊት ቆመው አገኛቸዋለሁ። በሹክሹክታ እናወራለን፤ የታመመ ሰው ያለበት ክፍል ይመስል። መዝሙር አያንጎራጉሩም። ማክሰኞ በሎሚ ፈተንናት፤ ሰባት። መልሰን ነከርናት። ረቡዕ ሰባት። እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሐሳቤ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ይዋኛል፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ አላስታውሰውም። ሐሙስ ከሰዓት ስንነክራት ስድስት ነጥብ ዘጠኝ አለች። ጋሼ እጄን ያዙኝ። ሰባት። ስድስት ነጥብ ስምንት። ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። ቁጥሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሎሚው ውስጥ ስትገባ ቁጥሩ እንደ ደረጃ ወረደ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነጥብ ስድስት። በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ስምንትን አለፈ። አሁን አልጮኽኩም። ሦስት ጊዜ ደጋገምን፣ በየመሐሉ አጠብናት። ከዚያ የቀረውን ቀይ አፈር በጠበጥን። ጋሼ ራሳቸው ነከሯት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "አንብቢልኝ" አሉ።

"አራት ነጥብ ስምንት" አልኩ።

ኮምጣጣ ነው። በጣም ኮምጣጣ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ደግሞ ፈገግታው ጠፋ፤ ግማሹ ተተክሏልና።

ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ስህተቱን ለወንድማቸው ራሴ መናገር አለብኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። መሬቱ ከመንገዱ ወደ ታች ተዳፋት ነው። ለደቦው የመጡ ሰዎች አካፋና መቆፈሪያ ይዘው ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል። በስተቀኝ በኩል የእጅ ስንዝር የማታክል ባሕር ዛፍ ተርታውን ቆማለች፤ በስተግራ ባዶ ቀይ አፈር። ወንድማቸው ኦሮምኛዬ እንደማያደርሰኝ ገብቶት፣ በአማርኛ ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ቦርዷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከራሱ ማሳ ባነሣው አፈር እዚያው አሳየሁት። ሎሚውንም አሳየሁት። ሰዎቹ ተነሥተው ከበቡን፤ አንዲት ሴትዮ "ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ ብርጭቆዋ አፈር ትቀምሳለች!" አሉ፣ ሁሉም ሳቀ።

ወንድማቸው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየ። "እሺ፣ ይሄኛው ለኖራ" አለ፣ ወደ ባዶው በኩል እያመለከተ።

"የተተከለውስ?" አልኩ። "ገና ስንዝር ናት፣ በአንድ ሰዓት ይነቀላል። እኔ ራሴ እነቅላለሁ።"

ጋሼ ክንዴን ያዙና ወደ ዳር ወሰዱኝ። "ኢንተለ ኮ" አሉኝ፣ "እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ማሳ ትተው መጥተው ነው የተከሉት። ፊታቸው ቆሜ ድካማቸውን ከነቀልኩ፣ ነገ በየት በኩል ዓይናቸውን አያለሁ? ለቅሶዬንስ ማን ይመጣልኛል?" ቀና ብለው ችግኞቹን አዩ። "ይደግ። እኔም ያጠፋሁት አለ።"

ያን ቀን ደቦው በስተግራ ያለውን ማሳ ኖራ ለመበተን ሲቆፍር ዋለ። እኔም ቆፈርኩ፣ እጄ ተላጠ።

በቆጠራው ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበርኩ። የንብረት ቆጣሪው ያቺን ሴንሰር ሲያነሣ ጫፏ ላይ ፈሳሽ የያዘች ጠርሙስ አየና "ጋሼ፣ ውኃ ገብቶባታል እኮ!" ብሎ ሊደፋው ክዳኑን ያዘ። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ከፍ አድርገው የማያውቁትን ያን የመዘምራን ድምፅ አወጡት፤ ሰውየው ክዳኑን ለቀቀ። ከዚያ ቅጹን ስበው፣ "የዕቃው ሁኔታ" በሚለው ቦታ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ "ርጥብ ሆና ትቀመጥ" ብለው ጻፉና ፈረሙ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።

አሁን እሳቸው ዲጋ ናቸው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ዝናቦች በአንዱ ቀን፣ ስልኬ ይጮኻል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ እኔን፣ እናቴን፣ አከራዬን፣ ጫማዬን ሳይቀር ይጠይቃሉ። ስለ በቆሎው ይነግሩኛል፤ ከትከሻቸው አልፏል። ከመዝጋታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ "ቢሻን ቀብዲ? ውኃ አላት?"

"አላት አባ ኮ፣ አባቴ፣ ትናንት ነው የቀየርኩላት" እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስጠማኋትም።

በጊምቢ መንገድ በአውቶቡስ ሳልፍ የግራውን መስኮት እይዛለሁ። ዲጋን አለፍ እንዳልን ተዳፋቱ ይመጣል። በአንዱ በኩል የእሳቸው በቆሎ ነው፣ አረንጓዴ፣ ሰፊ ቅጠል። በሌላው በኩል ባሕር ዛፉ፣ የእኔ ሰባት፣ ቆሟል። መጀመሪያ ሳየው ስንዝር ነበር፤ ባለፈው ክረምት ከቤታቸው ጣራ በላይ ወጥቷል።